አሸንዳን ከክረምቱ አስቀድሞ ማጽዳት ለምን ያስፈልጋል?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ሐሙሲት ከተማ ዋናው የዝናብ ወቅት ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘልቃል። በበጋው ወራት ግን በቆርቆሮ ጣሪያ ጠርዝ ላይ በተገጠመው አሸንዳ ውስጥ የባሕር ዛፍ ቅጠልና አቧራ ይጠራቀማል።

1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ50 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ቢጥል 1 ሺህ ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 50 ጀሪካን ውኃ ይወርዳል። መውረጃ ቱቦው ከተደፈነ ውኃው ከአሸንዳው ሞልቶ በግድግዳው ላይ ይፈስሳል። የጭቃ ቤት ከሆነ ምርጊቱን ያረግፋል፤ ሥሩንም ሸርሽሮ ግድግዳውን እስከ መጣል ይደርሳል። በአሸንዳው ውስጥ የሚቀረው ውኃም የትንኝ መራቢያ ይሆናል።

ጽዳቱ በግንቦት፣ ቆርቆሮው በማያንሸራትትበት ደረቅ ቀን ቢከናወን ይመረጣል። አንድ ሰው መሰላሉን ይይዛል፤ ሌላው ጓንት አድርጎ ቅጠሉን እያወጣ በባልዲ ይሰበስባል። ቆሻሻውን ወደ ቱቦው መግፋት አይገባም። በመጨረሻ ውኃ አፍስሶ ቱቦው ማስተላለፉን ማረጋገጥ ይገባል። ቅጠል በክረምትም ስለሚረግፍ በሐምሌ ዳግም መፈተሽ ያስፈልጋል።