የቡችላ የመጀመሪያ ዓመት፦ የጠባቂ ውሻ አስተዳደግና የእብድ ውሻ በሽታ በቆጋ አካባቢ



በእንስሳት ሕክምና ትምህርት ለላም፣ ለበሬና ለበግ ሰፊ ሰዓት እንመድባለን። ውሻን የምናነሣው በአመዛኙ ሰው ከነከሰ በኋላ ነው። «ውሻ ምን አገባት ከእርሻ» የሚለው አባባል ከገበሬው ይልቅ የእኛን የክፍለ ጊዜ ድልድል የሚገልጽ ይመስለኛል። ገበሬውማ ደጁን ያለ ውሻ አያሳድርም።

ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። ውሻ ለቤቱ ጠባቂ ወይም ሥጋት መሆኑ በአብዛኛው የሚወሰነው ዓመት ሳይሞላው በተደረገለትና በተነፈገው ነገር ነው። ይህን ዓመት ለዕድል የተወ ቤተሰብ አደጋ ላይ የሚጥለው ከሁሉ በፊት ልጆቹን ነው።

ለማሳያ ቆጋን እንውሰድ። የቆጋ መስኖ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በመርዓዊ ዙሪያ፣ 7,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ለማልማት የተሠራ ነው። መስኖው ከመጣ ወዲህ በጋውም የሥራ ወቅት ሆኗል። ስንዴው፣ ድንቹና ሽንኩርቱ ውኃና እጅ ይፈልጋሉ። ትልልቆቹ ማሳ ሲውሉ አዲሱ ቡችላ የሚውለው ከሕፃናቱ ጋር ነው። የሚያበሉት፣ የሚያቅፉት፣ የሚጎትቱትና የሚቧጨሩትም እነርሱ ናቸው።

ቡችላ ዓይኑን የሚገልጠው ከተወለደ ሁለት ሳምንት ሲጠጋው ነው። ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ግድም ያለው ጊዜ ደግሞ ሰውን፣ ከብትንና የመንደሩን ድምፅ የሚለምድበት ነው። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ሥራ እንዳመለከቱት፣ በእነዚህ ሳምንታት ሰው ሳይቀርበው ያደገ ቡችላ ኋላ ሰውን ይሸሻል፤ ማላመዱም እጅግ አዳጋች ይሆናል። ስለዚህ ልጆች ቡችላውን መቅረባቸው በራሱ ጥፋት አይደለም፤ እንዲያውም ያስፈልጋል። የሚያስፈልገው ትልቅ ሰው በዓይኑ እየተከታተላቸው እንዲሆን ነው። ከእናቱ የሚለይበትም ጊዜ ስምንተኛው ሳምንት አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። ቡችላ የጥርሱን ልክ የሚማረው ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋር ሲጫወት ነው፤ አጥብቆ ሲነክስ ይጮኹበታል፤ ጨዋታውም ይቋረጥበታል። በወሩ ተነጥቆ የመጣ ቡችላ ይህን ትምህርት ሳይጨርስ ይመጣል።

ከሦስተኛው ወር በኋላ ቤተሰቡን የሚያማርረው ጉልበቱ ነው። ጫማ ያኝካል፤ ዶሮ ያሳድዳል፤ የተሰጣ እህል ይበትናል፤ የልጆችን ልብስ ይጎትታል። ይህ ክፋት አይደለም። ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ባለው ጊዜ 28ቱ የወተት ጥርሶቹ እየረገፉ 42 ቋሚ ጥርሶች ይበቅላሉ። ድዱ እረፍት ስለማይሰጠው ያገኘውን ሁሉ ያኝካል።

ብዙ ቤተሰብ ለዚህ የሚያገኘው መፍትሔ ገመድ ነው። ታስሮ ያደገ ውሻ ኃይለኛ ጠባቂ ይሆናል የሚል እምነትም አለ። ኃይለኛ መሆኑ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጠባቂ መሆኑ ግን ያጠራጥራል። ጥሩ ጠባቂ ወዳጅን ከባዳ ይለያል፤ መለየትን የሚማረውም በማየትና በመቅረብ ነው። ቀኑን ሙሉ ከግንድ የታሰረ ቡችላ የሚማረው ግን ወደ እርሱ ከሚመጣ ሁሉ ማምለጥ እንደማይችል ነው። ማምለጥ ያልቻለ እንስሳ ደግሞ ይነክሳል። ስለዚህ ጠዋት ከከብቶቹ ጋር ይውጣ፤ የሚያኝከው እንጨት ወይም ትልቅ አጥንት ይሰጠው፤ ዶሮ ሲያሳድድ ከመደብደብ ይልቅ ወዲያው ተጠርቶ ሌላ ነገር ይያዝ። ልጆችም ሲበላና ሲተኛ እንዳይነኩት ይነገራቸው።

ጠባይ ግን ብቻውን በቂ አይደለም። እጅግ ገራም የሆነ ቡችላ እንኳ ሊገድል ይችላል። ሰውን ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ ከመቶ 99 ያህሉ የሚተላለፈው በውሻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያመለክተው በሽታው በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን ይገድላል፤ በበሽታው ከተጠረጠረ እንስሳ ንክሻ ከሚደርስባቸውም ከመቶ 40 ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። «ቡችላ አያብድም» የሚለው አነጋገር መሠረት የለውም። ያበደ ውሻ ቡችላውን ነክሶት ሊያልፍ ይችላል፤ በሽታውም ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይገለጣል። ቫይረሱ ምልክቱ ከመታየቱ ጥቂት ቀናት በፊት በምራቁ ውስጥ ይገኛል። ቤተሰቡ ሲጫወት ነከሰን ብሎ የሚያልፈው ትንሽ ጭረት የሚያሠጋውም ስለዚህ ነው።

የተለመደው አሠራር ቡችላን በሦስት ወሩ መከተብ፣ በዓመቱ መድገም፣ ከዚያም በየጊዜው ማደስ ነው። ሦስት ወር የሚጠበቀው ከእናቱ ያገኘው የመከላከያ ኃይል ክትባቱን እንዳያዳክመው ነው። ይሁን እንጂ በዘመቻ ወቅት ከሦስት ወር በታች ያሉትም አብረው እንዲከተቡ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የበሽታውን መተላለፍ ለመግታት ከውሾቹ ከመቶ ቢያንስ 70 ያህሉ መከተብ ይኖርባቸዋል። ውሾች ደግሞ ቶሎ ይሞታሉ፤ ቶሎም ይወለዳሉ። በዚህ ዓመት የተከተቡት በከፊል ሲያልቁ ቦታቸውን የሚይዙት ያልተከተቡ ቡችሎች ናቸው። ቡችላን የዘለለ ዘመቻ እንግዲህ በተቀደደ ስልቻ እህል እንደመስፈር ነው።

ንክሻ ከደረሰ የመጀመሪያው ሕክምና በቤት ይጀመራል። ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ከዚያም ሳይዘገዩ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት መጀመር ያስፈልጋል። ወደ ባህል ሐኪም ወይም ወደ ጠበል መሄድ የሚፈልግ ቤተሰብ ቢኖር እንኳ፣ ቁስሉ ሳይታጠብና ክትባቱ ሳይጀመር ሊሆን አይገባም። ምልክቱ አንዴ በሰው ላይ ከታየ ማዳን የሚቻለው ከስንት አንዴ ነው። የነከሰውን ውሻ ወዲያው ገድሎ መጣልም አይጠቅምም፤ ያለአደጋ ማቆየት ከተቻለ 10 ቀን ተነጥሎ ሲታይ ጤነኛ ሆኖ መቆየቱ በነከሰበት ዕለት በሽታውን እንዳላስተላለፈ ያረጋግጣል።

ውድ ተማሪዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1885 ሉዊ ፓስተር ክትባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የሰጠው በውሻ ለተነከሰ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ልጁ ተረፈ። ፓስተር ያረፈበት ሴፕቴምበር 28 የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ሆኖ ይታሰባል፤ በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት ማለት ነው። ዝናቡ ያባራበት፣ ዘመድ ከዘመድ የሚገናኝበት ወቅት በመሆኑ የውሻን ዓመታዊ ክትባት ለማስታወስ ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም። በውሻ የሚተላለፈውን የሰው ሞት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት ዓለም አቀፍ ግብ ተይዟል። በቆጋ መንደሮች የዚህ ግብ መለኪያ ቀላል ነው፦ ለመስክ ሥራ ስትወጡ ስለ ላሟ ጠይቃችሁ ስትጨርሱ፣ በደጃፉ የሚቦርቀው ቡችላ ስንት ወሩ እንደሆነና መከተቡን ሳትጠይቁ አትመለሱ።