የበልጉ ሒሳብ የሚዘጋው መደብ ላይ ነው

የሽንኩርት ዋጋ በተሰቀለ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለ ዝናብ፣ ስለ ነዳጅና ስለ መኪና ኪራይ ይሆናል፡፡ ስለ ዘሩ የሚያነሣ ጥቂት ነው፡፡ ሆኖም ከጭሮ (ከቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ) እስከ ሂርና፣ ከበዴሳና ገለምሶ እስከ ቦኬ ባሉት የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች፣ ከቤቱ ጀርባ ጓሮ ያለው ነጋዴም ሆነ ችግኝ አፍልቶ ለመሸጥ የሚያስብ ባለገንዘብ የሚያተርፈውም የሚከስረውም ዝናቡ ከመጣሉ በፊት ነው፡፡ ከጥር አጋማሽ እስከ መጋቢት ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ በእፍኝ የሚያዝ ዘር ወይ ብዙ ሺህ ችግኝ ይሆናል፤ ወይ አፈር ውስጥ ይቀራል፡፡

በቅድሚያ ስለ ወቅቱ እንግባባ፡፡ ፀደይ ሲባል የከተማ ሰው ሐሳቡ የሚሄደው ወደ መስከረምና ወደ አደይ አበባ ነው፡፡ በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ግን ያ ወቅት መፀው ይባላል፡፡ ፀደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው፡፡ ገበሬው በልግ፣ የአካባቢው ኦሮምኛ ተናጋሪ ደግሞ ባዼሳ የሚለው ዝናብ ከዚያ ቀደም ብሎ ይጀምራል፡፡ የጨርጨር ተራሮች በበልግና በክረምት ሁለት ጊዜ ዝናብ የሚያገኙ በመሆናቸው፣ አትክልት የሚተክል ሰው የመጀመሪያውን ዝናብ ለመጠቀም ችግኙ ደርሶ ሊጠብቀው ይገባል፡፡ ዝናብ ጣለ ብሎ ያን ዕለት ዘር ፍለጋ ወደ ገበያ የሚሮጥ ሰው የበልጉን እርጥበት ግማሹን መደብ ላይ ይጨርሰዋል፡፡

ስለዚህ ቀኑ የሚቆጠረው ወደ ኋላ ነው፡፡ በመጋቢት ሦስተኛ ሳምንት ግድም ችግኝ ወደ ማሳ ይዛወራል ብለን እንነሣ፡፡ በርበሬ መደብ ላይ ከ50 እስከ 60 ቀን ይቆያል፡፡ ስለዚህ ከጥር 20 በፊት መዘራት አለበት፡፡ ሽንኩርት ከ45 እስከ 55 ቀን ስለሚፈልግ የካቲት መባቻ ላይ ይዘራል፡፡ ቲማቲምና ጥቅል ጎመን ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ይበቃቸዋልና የካቲት አጋማሽን ቢጠብቁ አይጎዱም፡፡ ሁሉንም በአንድ ቀን መዝራት የተለመደ ስሕተት ነው፡፡ በርበሬው ገና ሁለት ቅጠል ሳይዝ ቲማቲሙ ቁመቱ ረዝሞ ይጎብጣል፡፡ የጭሮ የጥር ሌሊት ቀዝቃዛ ነውና በርበሬ ከአፈር ብቅ ለማለት ሁለት ሳምንት አልፎት ሊሄድ ይችላል፡፡ «ዘሩ ሞቷል» ብሎ መደቡን መገልበጥ አያስፈልግም፤ ሙቀት የሚወድ ተክል ነው፡፡

አሁን ወደ ጣሳው እንምጣ፡፡ ገንዘቡ ያለው እዚህ ላይ ነው፡፡

የአትክልት ዘር በጣሳ ወይም በከረጢት ታሽጎ ሲመጣ የዝርያው ስም፣ የታሸገበት ጊዜ፣ የአገልግሎት ማብቂያው እና የብቅለት መጠኑ በመቶኛ ተጽፎበት ነው፡፡ ጣሳው ተከፍቶ በማንኪያ ወይም በሲኒ እየተለካ ሲቸረቸር ግን ያ ሁሉ ጽሑፍ ዋጋ ያጣል፡፡ ከታች ያለው የዘንድሮ ይሁን የካቻምና የሚያውቅ የለም፡፡ በዚህ ረገድ ከሁሉም የከፋው ሽንኩርት ነው፡፡ የቲማቲም ዘር ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ ሦስትና አራት ዓመት ይቆያል፡፡ የሽንኩርት ዘር ግን ዓመት ካለፈው ጉልበቱ በፍጥነት ይወርዳል፤ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የዋለ ከሆነ ደግሞ ዓመትም አይሞላው፡፡ ሙቀትና እርጥበት የዘር ጠላቶች ናቸው፡፡

ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ወጪም የለውም፡፡ ከሚገዛው ዘር 100 ፍሬ ቆጥሮ እርጥብ ጨርቅ ላይ መደርደር፣ ጨርቁን አጥፎ በሳሕን ማስቀመጥ፣ እንዳይደርቅ በላስቲክ ሸፍኖ ሞቅ ያለ ቦታ፣ ለምሳሌ ማድ ቤት ውስጥ ማኖር ነው፡፡ ጥቅል ጎመንና ቲማቲም በሳምንት ግድም፣ ሽንኩርት በአሥረኛው ቀን፣ በርበሬ በአሥራ አራተኛው ቀን ተቆጥሮ ይታወቃል፡፡ 80 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ መልካም ነው፡፡ 60 ከሆነ ዘሩን በሲሶ ያህል ጨምሮ መዝራት ይገባል፡፡ ከ50 በታች የወረደን ዘር በነፃ ቢሰጡም አለመቀበል ይሻላል፡፡ ምክንያቱም የበቀለውም ቢሆን ደካማ ነው፤ መደቡን፣ ውሃውንና ሁለት ወሩን ይበላል፡፡

ነጋዴ የሚገባው በሒሳብ ነውና ለምሳሌ ያህል እንዲህ እናስላው፡፡ አንድ የታሸገ ጣሳ 1,000 ብር፣ ተከፍቶ የሚቸረቸረው ያንኑ መጠን 600 ብር ይሁን፡፡ የታሸገው ከመቶ 85 ቢበቅል፣ የሚቸረቸረው ደግሞ 40 ቢበቅል፣ ሁለቱንም በሚበቅለው ዘር ልክ ስናካፍላቸው ርካሹ ከውዱ በሩብ የሚበልጥ ዋጋ ያወጣል፡፡ በዚህ ላይ ባዶ የቀረውን የመደብ ቦታና የባከነውን ጊዜ አልቆጠርንም፡፡ «400 ብር አተረፍኩ» ብሎ የሚሄደው ገዢ የከሰረው እዚያው ገበያ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል፡፡

ዝርያም ቢሆን እንዲሁ በስም ብቻ አይገዛም፡፡ ከአዳማ ብዙም ከማይርቀው ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ከወጡት መካከል አዳማ ቀይ ሽንኩርት፣ መልካ ሾላና መልካ ሳልሳ ቲማቲም ይገኙባቸዋል፡፡ የሽንኩርት ገበያው ላይ ቦምቤ ቀይም የታወቀ ነው፡፡ እነዚህ ራሳቸውን የሚተኩ ዝርያዎች ናቸው፤ ከፍሬያቸው ዘር አስቀርቶ በሚቀጥለው ዓመት መዝራት ይቻላል፡፡ ድቅል የሚባሉት ግን ሌላ ናቸው፡፡ ምርታቸው ከፍ ያለ ነው፤ ሆኖም ከፍሬያቸው የተወሰደ ዘር እናቱን አይመስልም፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ እያፈራ ገበያ ላይ ዋጋ ያጣል፡፡ ድቅል የሚተክል ሰው በየዓመቱ አዲስ ጣሳ መግዛት አለበት፡፡ ጣሳው ከውጭ የሚመጣ በመሆኑም ዋጋው ዶላርን ተከትሎ ይሄዳል፤ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ይህን ያልተረዳ አስመጪም ቸርቻሪም ያለ አይመስለንም፡፡ ለጀማሪ የጓሮ አልሚ የእኛ አስተያየት ከአገር ውስጥ ዝርያ መጀመር ነው፡፡

ምን ያህል ዘር ይበቃል? በተለምዶ ለአንድ ሔክታር ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ የሽንኩርት ዘር፣ ከ600 እስከ 700 ግራም በርበሬ፣ ከ250 እስከ 300 ግራም ቲማቲም ይበቃል ይባላል፡፡ ይህ ወደ 100 ካሬ ሜትር ጓሮ ሲወርድ ሽንኩርት 40 ግራም፣ በርበሬ 7 ግራም፣ ቲማቲም 3 ግራም መሆኑ ነው፡፡ ለ3 ግራም ቲማቲም ሙሉ ጣሳ የሚገዛ ጎረቤት ካለ ከሦስትና ከአራት ሰው ጋር ተዋጥቶ መግዛቱ ይበጀዋል፡፡

መደቡ ስፋቱ አንድ ሜትር ቢሆን ከግራና ከቀኝ ሆኖ ለማረም ያመቻል፤ ርዝመቱ እንደ ጓሮው ነው፡፡ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ተደባልቆ ይለሰልሳል፡፡ ያልበሰበሰ ፍግ ችግኝ ያቃጥላል፣ ምስጥም ይጠራል፡፡ ባለፈው ዓመት ቲማቲም፣ በርበሬ ወይም ድንች የነበረበት ቦታ ላይ እነዚሁን መልሶ ማፍላት በሽታን መጋበዝ ነው፡፡ ዘሩ በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት በተሰመረ መስመር ላይ፣ ከ1 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት ተዘርቶ በስሱ አፈር ይለብሳል፤ ከዚያም ደረቅ ሣር ይጎዘጎዝበታል፡፡ ዘሩ ብቅ ሲል ሣሩ በዚያው ዕለት መነሣት አለበት፤ ሁለት ቀን ከዘገየ ችግኙ ነጭና ቀጭን ይሆናል፡፡ ከዚያ በኋላ ከበላዩ ከፍ ያለ ዳስ ተሠርቶ የቀትር ፀሐይ ይከለከላል፡፡

ውሃው ላይ ብዙዎች ይስታሉ፡፡ አጥብቆ ማጠጣት ደግነት ይመስላቸዋል፡፡ በተጨናነቀና ጭቃ በሆነ መደብ ላይ ችግኙ ከአፈሩ ጫፍ ላይ ወገቡ ቀጥኖና ጠቁሮ በአንድ ሌሊት ተኝቶ ያድራል፡፡ መድኃኒቱ ማሳሳት፣ ጠዋት ማጠጣት፣ ነፋስ እንዲያገኝ ዳሱን ቀስ በቀስ መክፈት ነው፡፡ ወደ ማሳ ሊዛወር ሳምንት ወይም አሥር ቀን ሲቀረው ዳሱ ተነሥቶ ውሃውም ይቀነሳል፡፡ ችግኙ ፀሐዩን የሚለምደው በዚህ ነው፡፡ ሌላም ነገር አለ፤ በሐረርጌ ጓሮና ጫት ጎን ለጎን ናቸው፡፡ ጫት ላይ መድኃኒት የሚረጭበት ቀን ነፋሱ ወደ መደቡ ከሆነ ችግኙም ይጎዳል፣ ቤተሰቡ ነገ የሚበላው ጎመንም አይታመንም፡፡

ችግኙን ራሱን ለመሸጥ ያሰበ ባለሀብት አንድ ነገር ይወቅ፡፡ ቡና መጋዘን ገብቶ ዋጋ ይጠብቃል፤ ችግኝ አይጠብቅም፡፡ ጊዜው ከደረሰ ከሁለት ሳምንት በኋላ ገዢ ካጣ የሚወድቅ ዕቃ ነው፡፡ ስለዚህ ቀብድ ሳይቀበሉ ብዙ መደብ መክፈት አይመከርም፤ ደላላም ቢሆን ኮሚሽኑን የሚያገኘው ዘሩ ከመዘራቱ በፊት ገዢ ሲያመጣ ቢሆን ለሁሉም ይሻላል፡፡ ከጭሮ በስተደቡብ ወዳለው ቦኬ የሚላክ ችግኝ ማታ ተነቅሎ፣ ሥሩ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ሌሊት ወይም ማለዳ መንገድ ሊጀምር ይገባል፡፡ የቦኬ መሬት ከቡናው ደጋማ ክፍል ተነሥቶ እስከ ዋቢ ሸበሌ ሸለቆ ድረስ ስለሚወርድ፣ ገዢው የየትኛው ቀበሌ ሰው እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል፡፡ ቆላው ላይ የሚተክል ሰው ጠንከር ያለና ፀሐይ የለመደ ችግኝ ይፈልጋል፡፡

ዝናቡ ሊቀርም ይችላል፡፡ በ2007 ዓ.ም. በልጉ ተዛብቶ፣ ተከትሎት የመጣው ክረምትም በኤልኒኞ ሳቢያ ከድቶ ምዕራብ ሐረርጌ ክፉኛ መጎዳቱ አይረሳም፡፡ ዘሩን በሙሉ በአንድ ቀን ከመዝራት ይልቅ በሁለት ዙር፣ በአሥራ አምስት ቀን ልዩነት ማፍላት ወጪው ትንሽ ነው፡፡ የመጀመሪያው ዙር በደረቅ ቢመታ ሁለተኛው ይደርሳል፤ ሁለቱም ቢሳካ ደግሞ ምርቱ በአንድ ሳምንት ገበያ ላይ አይከመርም፡፡

ስለ ገበያው ካነሣን በረመዳን ዋዜማ ሽንኩርት ይዤ እወጣለሁ የሚል ነጋዴ የቀን መቁጠሪያውን ይመልከት፡፡ ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ ዘንድሮ የሠራው ቀጠሮ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አይሠራም፡፡ መጋቢት ላይ የተዛወረ ሽንኩርት የሚደርሰው ሐምሌ ግድም ነው፤ ለጾሙ ሥጋት የሌለበት ምርት የሚፈልግ በመስኖ ቀድሞ መትከል ይኖርበታል፡፡ የበልግ ቲማቲም ደግሞ ፍሬው ሰኔ ላይ ካልተለቀመ የክረምቱ ዝናብና ዋግ ይደርስበታል፡፡ መደቡን በየካቲት አጋማሽ ለመዝራት የሚያስቸኩለውም ይኸው ነው፡፡