ማር የማይቆረጥላት ንብ

ግንቦት 12 የዓለም የንብ ቀን ነው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ይከበራል። እኛ ዘንድ ታዲያ ወሬው ሁሉ የቀፎና የማር ምርት ነው፤ አገራችን በማር ከአፍሪካ ቀዳሚ ናትና አይገርምም። የሚያሳዝነው ማር የማይቆረጥላቸው ንቦች ከነጭራሹ መረሳታቸው ነው። ከእነሱም መካከል እንጨት ሰርሳሪዋን ያህል ውለታዋ የተካደባት የለችም።

በዓለም ላይ ወደ 500 የሚጠጉ ዝርያዎች ሲኖሯት አብዛኞቹ በሞቃቱ የምድር ክፍል ይኖራሉ። በጋላፓጎስ ደሴቶች ብቸኛዋ አገር በቀል ንብ እሷው ናት። በእስያ ደግሞ ጨረቃ በሌለበት ሌሊት አበባ የምትቀስም አለች።

በኩታበርም ሆነ በመካነ ሰላም ዙሪያ ጎጆዋን የሚፈልግ ሰው ደረቅ እንጨት ይፈልግ፤ ቅርፊቱ የተላጠ ግንድ፣ የአጥር ቋሚ፣ የቤት ወራጅ። ጣት የሚያስገባ፣ በመሰርሰሪያ የተበሳ የሚመስል ክብ ቀዳዳ ካየ፣ ከሥሩም ትኩስ ሰጋቱራ ከተበተነ እሷ ናት። ወደ ውስጥ ጥቂት እንደገባች ትታጠፍና የእንጨቱን ጭረት ተከትላ ትቦረቡራለች። ከአበባ ዱቄትና ከወለላ ያቦካችውን ጉርሻ መጨረሻው ላይ አስቀምጣ አንድ እንቁላል ትጥልበታለች፤ ሰጋቱራውን በምራቋ ለውሳ ትገድግደዋለች። ከዚያ ሌላ ክፍል፣ ደግሞ ሌላ። እንቁላሉ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ሊበልጥ ይችላል፤ ለነፍሳት ይህ እጅግ ትልቅ ነው።

ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቤት ታፈርሳለች ተብላ በጭስና በነጭ ጋዝ ትባረራለች። እንደ ምስጥ ግን እንጨት አትበላም፤ ቦርቡራ ትጥለዋለች እንጂ። ጉዳቱ የሚከፋው ትውልድ በትውልድ ላይ አንዱን ወራጅ ለዓመታት ሲቦረቡረው ነው፤ ለዚያም ቀለም መቀባት ይረዳል። ፊት ለፊት እያንዣበበ የሚያስፈራራው ወንዱ መንደፊያ የለውም፤ ሴቷም ካልያዟት አትነድፍም።

ውለታዋስ? የቲማቲምና የእምቧይ አበባ ዱቄቱን የሚለቀው ሲንቀጠቀጥ ነው። እሷ አበባውን ጨብጣ በክንፏ ጡንቻ ታርገፈግፈዋለች፤ የማር ንብ ይህን አትችልም። ረጅም ቱቦ ያላቸውን አበቦች ከሥር በስታ ወለላ መስረቋ እውነት ነው፤ ከጥቅሟ ጋር ሲመዘን ግን እዚህ ግባ አይባልም።

የሚያሳስበኝ ማገዶ ነው። ደረቅ እንጨት ሁሉ ተለቅሞ ምድጃ ሲገባ ለእሷ የሚቀራት የሰው ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ ወራጅዎን ቀለም ይቀቡ፤ ከማሳዎ ዳር ደግሞ አንድ ደረቅ ግንድ ይተዉላት።