በጅማ አየር ውስጥ የሚበረው፦ ከቡና ቅጠል እስከ ሳንባ

ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ በጅማ ዙሪያ የቡና ቅጠል ገልብጦ ያየ ሰው ብርቱካንማ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጠብጣብ ያገኛል። በጣት ሲነካ ይቀባል። ዱቄቱ የቡና ቅጠል ዋግ ወይም ዝገት የሚባለው ፈንገስ ስፖር ነው። ስፖር ፈንገስ የሚራባበት ረቂቅ ዘር ሲሆን፣ ያለ ማይክሮስኮፕ አንዱን ከአንዱ መለየት አይቻልም። አንድ ነጠብጣብ ከሦስት እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜ ከ300 እስከ 400 ሺህ ስፖር ሊያወጣ ይችላል። ነፋስ ሲነሳ ወይም ለቃሚ ቅርንጫፍ ሲስብ ዱቄቱ ይቦንና ከጅማ ከተማው መንደራ ቆጪ ሰፈር እስከ አጋሮና ገራ ሰው ከሚተነፍሰው አየር ጋር ይቀላቀላል።

እንዲህ በአየር የሚጓዙ ሕይወት ያላቸው ብናኞችን የሚያጠናው ሳይንስ ኤሮባዮሎጂ ይባላል። የሚጠይቀውም ምን ይበራል፣ በምን ይጓዛል፣ ያረፈበትንስ ምን ያደርገዋል የሚል ነው። ከሦስቱ ዋነኛው መካከለኛው ነው፤ አንድ ስፖር በምን እንደሚጓዝ ሳይታወቅ መከላከያውን የት ማቆም እንደሚገባ አይታወቅምና።

ለማጥናት ግን መጀመሪያ መያዝ ያስፈልጋል። ቀላሉ መንገድ ለፈንገስ ምግብ የሚሆን ነገር የፈሰሰበትን ሳህን ከፍቶ ለተወሰነ ጊዜ ማስቀመጥ ነው። ከአየር የወረደው ስፖር በጥቂት ቀናት ውስጥ በቅሎ ይቆጠራል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆስፒታል ክፍሎችንና የቤተ መጻሕፍትን አየር የፈተሹት በዚህ ዘዴ ነው። ሳህኑ ግን የሚይዘው በራሱ የወረደውን ብቻ ስለሆነ፣ ተንሳፍፎ የሚቆየው በጣም ረቂቁ ስፖር ሊያመልጠው ይችላል። ይህን ጉድለት የሚሞላው በ1952 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ሮተምስቴድ የምርምር ጣቢያ ላይ ሂርስት የተባለ ሳይንቲስት የሠራው መሣሪያ ነው። በደቂቃ 10 ሊትር አየር ይስባል፤ ስፖሩም ቀስ ብሎ በሚንቀሳቀስ የሚያጣብቅ ገጽ ላይ ይለጠፋል። ገጹ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የትኛው ስፖር በስንት ሰዓት እንደበረረ ይነበባል።

የቡና ዋግን ስፖር በሚያጣብቅ ገጽ ይዞ መከታተል የተጀመረው ግን ከሂርስት መሣሪያ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። በሽታው በ1869 እ.ኤ.አ. በሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪ ላንካ፣ ታይቶ የቡና እርሻውን ሲያጠፋ፣ ማርሻል ዋርድ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ከ1880 እስከ 1882 እዚያ ተቀምጦ አጠናው። የሚያጣብቅ ነገር የተቀባ ብርጭቆ በእርሻው ውስጥ እያኖረ ስፖሩ በነፋስ እንደሚጓዝ አሳየ። በሽታው በ1970 ብራዚል ሲገኝም፣ ነፋስ ከአፍሪካ በአትላንቲክ ላይ አሻግሮት ሊሆን እንደሚችል ተመራማሪዎች በማግስቱ ዓመት ጽፈዋል።

ጅማ ግን ሌላም የፈንገስ ጠላት አላት። የቡና ፍሬ በሽታ፣ በተለምዶ ሲቢዲ የሚባለው፣ ኬንያ ውስጥ በ1922 ተለይቶ በ1971 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ገባ። ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይጀምርና ለጋውን ፍሬ ያጠቁረዋል፤ ቀዝቃዛና ዝናብ በሚበዛበት ደጋማ ቦታ በተለይ ይበረታል። ስፖሩ በሚያጣብቅ ፈሳሽ የተያዘ በመሆኑ እንደ ዋጉ በነፋስ አይቦንም። ከፍሬ ወደ ፍሬ የሚያሸጋግረው የዝናብ ጠብታ ሲሆን፣ ሩቅ የሚደርሰው በሰውና በተበከለ ችግኝ ነው። ስለዚህ ለሲቢዲ ችግኝን መቆጣጠርና በበሽታው የጠቆረ ፍሬን ከዛፍ ላይ ማንሳት ይጠቅማል። ዋግን ግን አጥር አያግደውም፤ የሚያዋጣው በሽታውን የሚቋቋም ዛፍና የተስተካከለ ጥላ ነው።

ሲቢዲንም የሚቋቋም ዛፍ ከጫካው የፈለገው በ1967 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል፣ በአካባቢው አጠራር መልኮ፣ ነው። ሲቢዲ ከገባ በኋላ ባለሙያዎች በደቡብ ምዕራብ ጫካዎች እየዞሩ፣ በታመሙ ዛፎች መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙትን መረጡ። ከዚያ ከእነሱ በወጡ ችግኞች ላይ ስፖር እየረጩ ጽናታቸውን ፈተኑ። ገበሬው ዛሬ በቁጥር የሚጠራቸው 74110 እና 74112 በ1974 ከመቱ አቅራቢያ፣ ከቢሻሪ፣ ከተሰበሰቡት መካከል የወጡ ናቸው። ጫካው ሌላ ረዳትም አለው። በጎማና በገራ የቡና ጫካዎች ውስጥ በዋጉ ብርቱካንማ ዱቄት ላይ ነጭ ሆኖ የሚያድግና ዋጉን የሚበላ ሌላ ፈንገስ ይገኛል። ጫካው ሲመነጠር የምናጣው ዛፍ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ስፖርን መከታተል ለስንዴም ውሏል። በ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ዲገሉ የተባለውን የስንዴ ዝርያ ክፉኛ መታው። ዛሬ የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ሲሚት የሚባለው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል፣ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የብሪታኒያ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት በጋራ፣ ነፋስ ስፖሩን ወዴት እንደሚወስደው በኮምፒውተር እያሰሉ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ ሥርዓት ዘርግተዋል። ገበሬው በሽታው ማሳው ሳይደርስ ለመርጨት ጊዜ ያገኛል።

የሰው ሳንባስ? የቡና ዋግ ሰውን አይዝም፤ ስፖሩም ትልቅ ስለሆነ አብዛኛው አፍንጫ ላይ ይቀራል። የሚያሳስቡት ትንንሾቹ ናቸው። እርጥብ ግድግዳ፣ በቅጡ ያልደረቀ እህልና ጀንፈል ቡና ላይ የሚበቅለው አስፐርጊለስ የተባለ ሻጋታ ስፖር ከአንድ ሚሊሜትር ሦስት ሺህኛ ገደማ ስለሆነ እስከ ሳንባ ጫፍ ይዘልቃል። ጤነኛ ሰው ብዙ ጊዜ ያስወግደዋል። አስም ያለበትን ግን ትንፋሽ ሊያሳጥረው ይችላል፤ ሳንባ ነቀርሳ ባስቀረው ክፍተት ውስጥ ደግሞ ሥር ሰድዶ ደም የሚያስተፋ ሕመም ያስከትላል። ነቀርሳ በብዛት በሚታይባት አገራችን ይህ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

ጅማ ለሰብልም ለሰው ጤናም የሚጠቅመውን የስፖር ክትትል በአንድ ጥላ ሥር ለማካሄድ የተመቸች ናት። በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒቨርሲቲዋ የተመሠረተው በ1952 የተከፈተው የግብርና ኮሌጅና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው ነው። ከተማዋ ላይ ቋሚ የስፖር መያዣ ተተክሎ በየሳምንቱ ቢነበብ፣ አንዱ ቆጠራ ለገበሬው የዋግን ወቅት፣ ለሐኪሙ የአስምን ወቅት ያመለክታል። እስከዚያው በእጃችን ያለው ቀላል ነው። ቡናን ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ እያገላበጡ እርጥበቱ ከ12 በመቶ በታች እስኪሆን ማድረቅ፣ በመቀሸሪያና በመጋዘን ሲሠሩ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ በክረምት መስኮት እየከፈቱ እርጥብ ግድግዳን ማናፈስ፣ ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈም ጤና ጣቢያ መሄድ።