በጉበን ሥር የሚያልፍ ጅራት፦ ስለ በር ልክ ከአቃቂ አውሮፕላን የተነሣ ማብራሪያ

በ1928 ዓ.ም. በአቃቂ አውሮፕላን ማረፊያ ጀርመናዊው መሐንዲስና አብራሪ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጋር የሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችው አውሮፕላን ወደ አየር ወጣች። ከጣልያን ወረራ በኋላ ወደ ጣልያን ተወስዳ ለብዙ ዘመን ከቆየች በኋላ፣ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ መመለሷ ተነገረ። ዕለቱ አስተርእዮ ማርያም ስለነበረ አንረሳውም። ፀሐይ ቆይታ የነበረችበት ቪኛ ዲ ቫሌ የተባለው ሙዚየም በብራቻኖ ሐይቅ ዳር የሚገኝ የቀድሞ የባሕር አውሮፕላኖች ጣቢያ ነው፤ የሃንጋሮቹ በሮችም ከውኃ ለሚወጡ አውሮፕላኖች የተሠሩ ነበሩ።

እነዚህ አውሮፕላኖች በየብስ ላይ ያስቸግራሉ። አብዛኞቹ ጎማ ስለሌላቸው ታንኳ መሰል ተንሳፋፊዎቻቸው በዝቅተኛ ጋሪ ላይ ይቀመጣሉ፤ በዚህም ቁመታቸው ይጨምራል። ከሁሉ ከፍ የሚለው ብዙውን ጊዜ ቀጥ ብሎ የቆመው የጅራት ክንፍ ነው። ለምሳሌ የጅራቱ ጫፍ ከወለል 3.60 ሜትር፣ የበሩ ጉበን ግን 3.40 ሜትር ቢሆን፣ አንድ ጊዜ ብቻ የለካ ሰው «አይገባም» ብሎ ይደመድማል። ጠንቃቃው ግን አውሮፕላኑን በአፍንጫው ያስገባል፤ ትልቁ ክንፍ ጉበኑን ካለፈ በኋላ የተንሳፋፊውን ፊት በጃክ 4 ዲግሪ ያህል ያነሣል። ጅራቱ ከጋሪው ማዞሪያ ነጥብ 5 ሜትር ወደ ኋላ ከሆነ 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ በጉበኑ ሥርም 15 ሳንቲ ሜትር ተርፎት ያልፋል። ፊቱ በዚያው ጊዜ ከፍ ስለሚል ከጣሪያው አግዳሚ ጋር እንዳይጋጭ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። በተንሳፋፊው ውስጥ የሰረገ ውኃም ክብደት ስለሚሆን አስቀድሞ ይቀዳል። ጅራቱን በእጅ ጎትቶ ማውረድ ግን አይገባም፤ አካሉን ይጎዳል።

የዝናብ ውኃ እንዳይገባ ከበሩ ፊት የተሠራ ዳገት ደግሞ ያልታሰበ ችግር ያመጣል። ጋሪው በዳገቱ ላይ ሳለ ጅራቱ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ወደ ደልዳላው ወለል ሲደርስ ግን ይነሣል፤ የሚነሣውም ልክ በጉበኑ ሥር በሚያልፍበት ቅጽበት ነው። ስለዚህ የሚለካው የቆመው ዕቃ ሳይሆን ዕቃው በመንገዱ ሁሉ ላይ የሚይዘው ቦታ ነው።

አውሮፕላን የሚያስገባ አጥቢያ የለንም። ነገር ግን ሰበካ ጉባኤያት የእህል ወፍጮ፣ ጄኔሬተርና የውኃ ታንከር የሚያኖሩበት ቤት ሲያሠሩ ይኸው ስሕተት ይደገማል። በጎበኘነው አንድ አጥቢያ የወፍጮ ቤቱ በር በወፍጮው ስፋት ልክ ተሠርቶ ነበር። መዝጊያው ሲከፈት ከመቃኑ አልወጣም፤ ወፍጮውም ከበሩ ወዲያ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ሊዞር አልቻለም። አዲሱ ግድግዳ ፈረሰ፤ ድጋሚ የተሠራውም ከምእመናን መባ በተገኘ ገንዘብ ነው። ይህ እኛንም ይወቅሰናል፤ ንድፉን አይተን ያሳለፍነው እኛው ነንና።

በአቃቂ ቃሊቲ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ መሬቱ መረሬ ነው። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ጥልቅ ካልሆነ መቃኑ ይንጋደዳል፣ በሐዲድ የሚንሸራተተው የብረት በርም ይነክሳል። በግንቦት የተለካ 5 ሳንቲ ሜትር ትርፍ በነሐሴ ላይገኝ ይችላል።

ስለዚህ የግንባታ ንድፍ ስትልኩልን መዝጊያው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ የሚቀረውን ንጹሕ ስፋትና ከፍታ ለይታችሁ ጻፉ፤ ዕቃው የሚጓዝበትን ጋሪ ቁመት፣ ከበሩ ወዲያ ያለውን መዞሪያ ቦታና የመሠረቱንም ጥልቀት አክሉበት።