የአካባቢያችን ሬዲዮ የማን ድምፅ ነው?

እስቲ ለጥቂት ደቂቃ ራስዎን በፍኖተ ሰላም ዙሪያ፣ በጃቢ ጠህናን ወረዳ የሚኖሩ የበርበሬ ገበሬ አድርገው ያስቡ። ነገ ማለዳ አህያዎን ጭነው ገበያ ሊወጡ አስበዋል። ከመነሣትዎ በፊት ማወቅ የሚፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ መንገዱ ሰላም ነው ወይ? በርበሬ ስንት ገባ? ለታመመው ልጅዎ ጤና ጣቢያው መድኃኒት አለው ወይ? ሬዲዮዎን ቢከፍቱ ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር፣ ከባሕር ማዶም ሳይቀር ብዙ ዜና ይሰማሉ። የእነዚህን የሦስቱን መልስ ግን ከሰፊው ዜና ውስጥ ማግኘት ይከብዳል። የማኅበረሰብ ሬዲዮ የሚባለው አገልግሎት ያስፈለገው ለዚህ ነው።

የማኅበረሰብ ሬዲዮ ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው ስሙን ሲሰማ «ትንሽ ጣቢያ» ማለት ይመስለዋል። ልዩነቱ ግን በመጠኑ ላይ አይደለም፤ በባለቤትነቱ ላይ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 የሬዲዮ አገልግሎትን የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ ለይቶ ነበር። የማኅበረሰብ የተባለው ለትርፍ ያልቆመ፣ በአንድ አካባቢ የሚኖሩ ወይም የጋራ ጉዳይ ያላቸው ሰዎች በፈቃዳቸው የሚያቋቁሙት፣ ገቢውም ለጣቢያው ሥራ ብቻ የሚውል ነው። ያ አዋጅ በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1238 ተተክቷል፤ ፈቃድ የሚሰጠውም የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው። ከቀደምቶቹ ጣቢያዎች መካከል የጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ የከምባታና የኮሬ ይገኙበታል። በአማራ ክልልም ዋግ ኽምራ ላይ እንዲህ ያለ ጣቢያ ተቋቁሟል።

ባሕር ዳር የሚገኘው አሚኮ በአማርኛ፣ በአዊኛ፣ በኽምጥኛና በኦሮምኛ ለሚሊዮኖች ያሰራጫል። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ለመላው ክልል የሚናገር ጣቢያ ቡሬ ላይ ዛሬ የዋለውን የበርበሬ ዋጋ ለመናገር ጊዜ ሊኖረው አይችልም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ። አጭር ሞገድ ወደ ላይ ወጥቶ ከሰማይ እየነጠረ ስለሚመለስ ከአህጉር አህጉር ይሻገራል። ኤፍ ኤም ግን በቀጥታ መስመር ስለሚጓዝ ተራራ ይጋርደዋል። ስለዚህ አንቴናው የሚተከልበት ቦታ ማን እንደሚሰማና ማን እንደሚቀር ይወስናል። በደጋው በዋናው መንገድ ዳር ያሉት ከተሞች በቀላሉ ሲሰሙ፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርዱት የቆላ ቀበሌዎች በቀላሉ ሊረሱ ይችላሉ።

ጥቅሙ በተግባር ሲታይ

በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባውን መጤ ተምች ያስታውሳሉ? ትሉ ገና ባልተዘረጋው የበቆሎ ቅጠል ውስጥ ተሸሽጎ ይበላል። ገበሬው በማለዳ ማሳውን ፈትሾ በእጁ ቢለቅመው ብዙ ያድናል፤ ጥቂት ቀናት ከዘገየ ግን ጉዳቱ ይከፋል። በቆሎ ዋና እህሉ ለሆነው ለምዕራብ ጎጃም ሰው እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ በጊዜው መድረሱ የዓመት ቀለብ ጉዳይ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ ሲበረታም እንዲሁ ነው። «ትኩሳት ያለበት ሰው ዛሬውኑ ይመርመር» የሚለው ቃል ከሩቅ ባለሥልጣን ይልቅ በስም ከሚታወቀው የቀበሌ ጤና ሠራተኛ አፍ ሲወጣ ይበልጥ ይሰማል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1947 ኮሎምቢያ ውስጥ ሱታቴንሳ በምትባል የገጠር መንደር አንድ ቄስ ትንሽ ማሰራጫ ተክለው ገበሬዎችን በሬዲዮ ፊደል ማስተማር ጀመሩ። ሥራው እያደገ ሄዶ በአገሪቱ ብዙ ገበሬዎችን አስተማረ።

በእኛም አገር የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በየካቲት 1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ማሰራጨት ጀመረ። የማኅበረሰብ ጣቢያ ባይሆንም ለዛሬ የሚሆን ትምህርት ትቶልናል። የስብከት ፕሮግራሙ 30 በመቶ ያህል ሲሆን የቀረው ዜና፣ ትምህርት፣ ጤናና ልማት ነበር። የሚሰማውን ሰው ሙሉ ሕይወት ያከበረ አሠራር ነበር ማለት ነው። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ወርሶት «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» አለው። ሕንፃውና ማሰራጫው እዚያው ነበሩ፤ የተለወጠው ባለቤቱ ነው፤ ድምፁም አብሮ ተለወጠ።

ድምፅ ሲጠፋና ድምፅ ሲመረዝ

የምንናገረው ስለ ቀላል ነገር አይደለም። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም በደረሰው፣ የአየር ጥቃት እንደሆነ በተዘገበው ፍንዳታ፣ ከ20 በላይ ሰዎች መሞታቸው ተነግሯል። በዚያው ጊዜ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። የታመነ ወሬ በጠፋበት ቦታ አሉባልታ ይነግሣል። እናት ልጇ የት እንዳለ፣ ሾፌር የትኛው መንገድ እንደተዘጋ በግምት ይኖራል።

ይሁን እንጂ ቅርብ የሆነ ድምፅ ሁሉ መልካም ድምፅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 በሩዋንዳ አር ቲ ኤል ኤም የተባለው ጣቢያ ወንድም ወንድሙን እንዲገድል ቀስቅሷል፤ ሰዎችን «በረሮ» እያለ ይጠራ ነበር። የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ከመሥራቾቹ መካከል ጥፋተኛ ናቸው ብሎ የፈረደባቸው አሉ። ያ ጣቢያም በሕዝቡ ቋንቋ የሚናገር፣ ለዛ ያለውና የሚወደድ ነበር። የጎደለው ተጠያቂነት ነው።

ምን እንጠይቅ?

ስለዚህ ስለ ማንኛውም የአካባቢ ጣቢያ ሲሰሙ፣ ሊረዱትም ሊያገለግሉበትም ሲያስቡ፣ እነዚህን ይጠይቁ፦

1. ቦርዱን የሚመርጠው ማን ነው? ሴቶችና የገጠር ቀበሌ ሰዎች አሉበት ወይ?

2. የተሳሳተ ወሬ ሲተላለፍ በዚያው ሰዓት ይታረማል ወይስ በዝምታ ይታለፋል?

3. ነዳጁን፣ መለዋወጫውንና የጋዜጠኛውን ደመወዝ የሚከፍለው ማን ነው? አንድ ለጋሽ ብቻ ከሆነ እሱ የሄደ ቀን ጣቢያው ዝም ይላል።

4. ከእኛ የተለየ እምነት ወይም አሳብ ያለው ጎረቤታችን በዚያው ማይክራፎን መናገር ይችላል ወይ?

አራተኛው ጥያቄ እኛን አማኞችን በተለይ ይመለከተናል። የማኅበረሰብ ጣቢያ የአንድ ቤተ እምነት መድረክ አይደለም፤ የ1999ኙም አዋጅ የሃይማኖት ድርጅት የብሮድካስት ፈቃድ እንዳያገኝ ይከለክል ነበር። ነገር ግን አማኝ እንደ ማንኛውም ነዋሪ በቦርዱ ሊቀመጥ፣ ዜና ሊያጣራ፣ የገበያ ዋጋ ሊሰበስብ፣ ስለ ወባ ሊያስተምር ይችላል። እውነትን መናገርና ባልንጀራን ማገልገል እዚያም ቦታ አለው።

ፍኖተ ሰላም ማለት በግእዝ «የሰላም መንገድ» ማለት ነው። ያ ገበሬ ማለዳ ከቤቱ ሲወጣ መንገዱ በእውነት ሰላም መሆን አለመሆኑን ከሚያምነው ሰው መስማት ይገባዋል። እርስዎስ በአካባቢዎ ለዚህ ምን ሊያደርጉ ይችላሉ? እባክዎ ያስቡበት።