የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ

ሰው የገዛ ፊቱን የሚያየው በመስተዋት ነው። መስተዋቱ ግን በሌላ ሰው እጅ የተያዘ እንደ ሆነ፤ ያዢውም ወደ ፈቀደው ወገን ብቻ የሚያዞረው እንደ ሆነ፤ ባለፊቱ መልኩን ሳያውቅ ይኖራል፤ ወይም ሌላው የነገረውን መልክ የራሱ አድርጎ ይቀበላል። ሲኒማም ለአንድ ከተማ ሕዝብ እንደዚህ ያለ መስተዋት ነው። ስለዚህ የሲኒማ መሣሪያ በማን እጅ ነው፤ የማንን ፊት ያሳያል፤ የማንንስ ይሸሽጋል ብሎ መጠየቅ የክብር ነገር ነው እንጂ የጨዋታ ነገር አይደለም።

ለዚህ ነገር ምስክር የምትሆነን በአሜሪካ ደቡብ፤ በቴኔሲ ግዛት፤ በታላቁ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የምትገኘው የሜምፊስ ከተማ ናት። የተቈረቈረችው በ1819 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን። ከተማይቱ ሀብቷን ያገኘችው ከጥጥ ንግድ ነው፤ ጥጡንም ያለሙት አስቀድሞ በባርነት፤ ኋላም በድኽነት የተያዙ ጥቁሮች ናቸው። የዘፋኞቿ ድምፅ በዓለም ሁሉ ተሰምቷል፤ ኀዘኗም እንደዚሁ፤ ለጥቁሮች መብት የታገሉት ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1968 የተገደሉት በዚህችው ከተማ ነውና።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የማይነሣ አንድ ክፍል አለ። ይኸውም የሜምፊስ የፊልም ሳንሱር ታሪክ ነው። ሎይድ ቢንፎርድ የሚባል አንድ የኢንሹራንስ ባለጸጋ ከ1920ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ እስከ 1955 ድረስ የከተማይቱን የሳንሱር ጉባኤ ሲመራ ኖረ። ይህ ሰው የፈቀደው ፊልም ይታያል፤ ያልፈቀደው አይታይም፤ ከፊሉን የጠላው እንደ ሆነ ደግሞ ያ ክፍል በመቀስ ተቈርጦ ይወጣል። ስሙም በአሜሪካ ሁሉ የታወቀው በዚህ ሥራው ነው።

መቀሱ ይልቁንም ያርፍ የነበረው በጥቁር ፊት ላይ ነው። በ1945 «የብሩስተር ሚሊዮኖች» የተባለው አሥቂኝ ፊልም የተከለከለው፤ ጥቁሩ ተዋናይ ኤዲ አንደርሰን ከነጮች ጋር እንደ እኩያ ሆኖ ይታያል ተብሎ ነው። ስመ ጥር ዘፋኝ ሊና ሆርን የምትዘፍንበትም የፊልም ክፍል በሜምፊስ ተቈርጦ ይቀር ነበር። በ1947 ደግሞ «ከርሊ» የተባለው የልጆች ፊልም፤ ጥቁርና ነጭ ሕፃናት በአንድ ትምህርት ቤት አብረው ሲማሩና ሲጫወቱ ስለሚያሳይ ታገደ። የፊልሙ ባለቤቶች ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት፤ ነገር ግን ሊረቱ አልቻሉም።

አንባቢ ከዚህ ተነሥቶ፤ ቢንፎርድ ለነጮቹስ ተቈርቋሪ ነበር ብሎ እንዳይደመድም ሌላ ምሳሌ እንጨምር። በዚያው በ1945 ዣን ረንዋር የተባለው ፈረንሳዊ የፊልም ሊቅ «የደቡብ ሰው» የተሰኘውን ሥራውን አወጣ። ፊልሙ አንድ ድኻ የነጭ ቤተ ሰብ ጥጥ እያረሰ ከችግርና ከጎርፍ ጋር ሲታገል ያሳያል። ቢንፎርድ ይህንንም የደቡብን ሰው የሚያዋርድ ነው ብሎ ከለከለው። እንግዲህ የጥቁር እኩልነት አይታይ፤ የነጭም ድኽነት አይታይ ከተባለ፤ በመስተዋቱ ውስጥ የሚቀረው ምንድር ነው? የከተማይቱን ስም እጠብቃለሁ ያለው ሰው ከተማይቱን ከራሷ ሸሸጋት።

ሕዝቡስ ምን አደረገ ቢሉ፤ ማየት የፈለገ ሰው የሚሲሲፒን ድልድይ ተሻግሮ በአርካንሳስ ግዛት ወደምትገኘው ወደ ዌስት ሜምፊስ እየሄደ በአገሩ የተከለከለውን ፊልም ይመለከት ነበር። ሰው የገዛ ኑሮውን ለማየት ወንዝ መሻገር የሚያስፈልገው ከሆነ፤ ከዚህ የበለጠ ምን ስደት አለ?

የቢንፎርድ ዘመን ካለፈ በኋላም ቢሆን መስተዋቱ ወዲያው በአገሬው እጅ አልገባም። ፊልም መሥራት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ስለ ነበረ፤ ካሜራ ይዘው ወደ ሜምፊስ የሚመጡት አብዛኞቹ ከሩቅ የሚነሡ እንግዶች ነበሩ። ገና በ1929 ኪንግ ቪዶር ጥቁሮች የሚጫወቱበትን «ሃሌ ሉያ» የተባለውን ፊልም ከፊሉን በዚያ አገር አንሥቶት ነበር። ከስድሳ ዓመት በኋላ በ1989 ጂም ጃርሙሽ «ሚስጥሪ ትሬን» የተባለውን፤ በ1993 ሲድኒ ፖላክ «ዘ ፈርም» የተባለውን አወጡ። እነዚህ ሥራዎች የሚናቁ አይደሉም። ሆኖም እንግዳ ሰው ያየውን ይናገራል እንጂ የኖረውን ሊናገር አይችልም።

ከአገሬው ልጆች መካከል ስሙ ቀድሞ ከሚጠራው አንዱ በ1965 በሜምፊስ የተወለደው አይራ ሳክስ ነው። በ1996 «ዴልታ» የተባለውን ፊልም በትውልድ ከተማው ሠርቶ አወጣ። በውስጡም አንድ የደኅና ቤት ልጅ የሆነ ነጭ ወጣትና ከቬትናማዊት እናት ከጥቁር አሜሪካዊ ወታደር የተወለደ ሌላ ወጣት ተገናኝተው በወንዙ ላይ በጀልባ ሲጓዙ ይታያል። በቢንፎርድ ዘመን ቢሆን ኖሮ ከዚህ ፊልም አንዲት ክንድ እንኳ ከመቀስ ባልተረፈች ነበር።

ሁለተኛው ክሬግ ብሩወር ነው። ያደገው በካሊፎርኒያ ሲሆን ዘመዶቹ የሜምፊስ ሰዎች ነበሩና ኋላ እርሱም በዚያው ኑሮውን መሠረተ። ወጣቱ ፊልም ለመሥራት እየፈለገ ገንዘብ አጥቶ ሲደክም፤ አባቱ፤ ውዱን የሴሉሎይድ ፊልም ትተህ በአዲሱ በዲጂታል ካሜራ፤ በጥቂት ሰዎችና በጥቂት መብራት ሥራ ብሎ መከረው። አባትየው ይህን ከመከረ በኋላ ገና ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው በልብ ሕመም በድንገት ሞተ። ለልጁ ያስቀረለት ውርስ 20,000 ዶላር ያህል ነበረ።

ያን ገንዘብ ሌላ ሰው ቢያገኘው ለቤት ኪራይ ወይም ለክፉ ቀን ባኖረው ነበር፤ እንዲህም ቢያደርግ የሚነቅፈው ባልኖረ። ብሩወር ግን የአባቱን ገንዘብ ለአባቱ ምክር አዋለው። «ድኾችና ርኁባን» የተባለውን ፊልም ሠራበት፤ ስሙም የተወሰደው የከተማይቱ ከያንያን ከሚሰበሰቡበት ከአንድ ቡና ቤት ቅጽል ስም ነው። ታሪኩ መኪና እየሰረቀ የሚኖር አንድ ወጣት፤ መኪናዋ የተሰረቀባትን የሴሎ ተጫዋች ልጃገረድ እንዴት እንደ ወደዳት ይተርካል። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ስፍራው የከተማይቱ ጐዳናና ጋራዥ ነው፤ የተቀረጸውም ሥዕል ተመርጦ የተገጣጠመው በኮምፒዩተር በቤት ውስጥ ነው። በ2000 በሆሊውድ የፊልም በዓል ላይ ቀርቦ በዲጂታል ከተሠሩት መካከል ለመሸለም በቃ።

ከዚህ በኋላ ብሩወር «ሃስል ኤንድ ፍሎው» የተባለውን ድርሰት ጻፈ። ባለታሪኩ በሴቶች ገላ እየነገደ የሚኖር ጥቁር የሜምፊስ ሰው ሲሆን፤ በአሮጌ ቤቱ ግድግዳ ላይ ድምፅ የሚያፍን ካርቶን ለጥፎ የራፕ ዘፈን ለመቅዳት ይጣጣራል። ታላላቆቹ የሆሊውድ ድርጅቶች ድርሰቱን አንቀበልም አሉ። በመጨረሻ ጆን ሲንግልተን የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ የፊልም ሰው የገዛ ገንዘቡን አውጥቶ አሠራው፤ ፊልሙም በ2004 በሜምፊስ ተነሣ።

በጥር ወር 2005 በዩታ ግዛት በተደረገው በሰንዳንስ የፊልም በዓል ላይ የሆነውን ነገር ሜምፊስ የምትረሳው አይመስለንም። ሁለት የሜምፊስ ፊልሞች በአንድ ጊዜ ቀረቡ። አንደኛው የአይራ ሳክስ «ፎርቲ ሼድስ ኦቭ ብሉ» ነው፤ ከአንድ ሽማግሌ የሙዚቃ ባለሙያ ጋር የምትኖር ሩሲያዊት ሴት ብቸኝነትን የሚያሳይ ነው። ሁለተኛው የብሩወር ነው። ከአሜሪካ የልብ ወለድ ፊልሞች መካከል የዳኞቹን ታላቅ ሽልማት የሳክስ፤ የተመልካቾቹን ሽልማት የብሩወር ፊልም ወሰዱ። አዋቂውም ሕዝቡም በየበኩላቸው ሲፈርዱ ሁለቱም በአንዲት ከተማ ላይ ተገናኙ። ማንም የማይፈልገው የነበረው የብሩወር ፊልም በዚያው በዓል ላይ በ9 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በዓመቱ በመጋቢት ወር 2006 ደግሞ ስሪ ሲክስ ማፊያ የተባሉት የሜምፊስ ልጆች ለዚሁ ፊልም በሠሩት ዘፈን የኦስካርን ሽልማት ተቀበሉ። በዚያው ፊልም ውስጥ የሚጫወተው የሜምፊሱ አይዛክ ሄይስ በ1972 በዘፈን ይህንኑ ሽልማት አግኝቶ ነበር።

በዚህ ጊዜ ወቀሳም አልቀረም። ጥቁር ሰው በሲኒማ ሊከበር ሲገባው ለምን እንዲህ ባለ የነውር ሥራ ውስጥ ይታያል፤ ያውም በነጭ ጸሐፊ ብዕር፤ ያሉ ነበሩ። ወቀሳው ተራ ነገር አይደለምና ቸል ሊባል አይገባውም። ነገር ግን መድኃኒቱ ምንድር ነው? ሜምፊስ መቀሱን ለብዙ ዓመት ሞክራዋለች፤ የከተማይቱን ክብር ለመጠበቅ የተባለው መቀስ ያተረፈላት ባዶ መስተዋት ነው። የጎደለ ሥዕል የሚሞላው ሌላ ሥዕል ሲጨመርበት ነው። አንዱ የሌባውን ታሪክ ቢሠራ፤ ሌላው የመምህሩን፤ ሌላይቱ የእናቲቱን ትሥራ፤ ይህም የሚሆነው ካሜራው በብዙ እጆች ሲገባ ነው።

ለዚህም ሜምፊስ አንድ መልካም ነገር ጀምራ ነበር። በ1998 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «ኢንዲ ሜምፊስ» የተባለውን የፊልም በዓል መሠረቱ፤ አጀማመሩም የከተማይቱ ልጆች የሠሩትን በቡና ቤት ግድግዳ ላይ እያሳዩ ነው። ይህ ትንሽ መስሎ የሚታይ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሥራውን የሚያሳይበት ስፍራ የሌለው ባለሙያ ዘሩን በድንጋይ ላይ እንደ ጣለ ገበሬ ነው። ተመልካችም ጐረቤቱን በሸራ ላይ ሲያይ፤ እኔስ የምለው የለኝምን? ብሎ ይነሣሣል።

ክብሩ ከመጣ በኋላ ግን ሌላ ፈተና ተከተለ። የጆርጂያ ግዛት በ2008 ባሻሻለው ሕግ በግዛቱ ውስጥ ለሚሠሩ ፊልሞች ከወጪያቸው እስከ 30 በመቶ የሚደርስ የግብር ቅናሽ ስለ ሰጠ ሥራው ወደዚያ ጐረፈ። በ2009 የወጣው «ዘ ብላይንድ ሳይድ» የሜምፊስን ሰዎች ታሪክ የሚናገር ሲሆን የተነሣው በጆርጂያ ነው። ክሬግ ብሩወር ራሱ በ2011 የወጣውን «ፉትሉስ»ን የሠራው በዚያው በጆርጂያ ነው። ትናንት ከተማይቱን በሳንሱር መቀስ ከመስተዋቱ ያወጧት እንደ ነበረ፤ አሁን ደግሞ የሂሳብ መዝገብ አወጣት ማለት ነው። ባለሙያውን መውቀስ አይገባም፤ ሠራተኛ እንጀራ ወዳለበት ይሄዳል። ከተማ ግን ልጆቿን ካሳደገች በኋላ የሚሠሩበትን ካላዘጋጀችላቸው፤ የድካሟን ፍሬ ጐረቤት ይበላዋል።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። የጐንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ በዚያው በአሜሪካ ኖሮ ስለ ጥቁሮች ባርነት «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልም በ1993 ባወጣ ጊዜ፤ የሚያከፋፍልለት ድርጅት አጣ። እርሱም አልቅሶ አልተቀመጠም፤ የሲኒማ ቤት እየተከራየ ፊልሙን ራሱ ለሕዝብ አሳየ፤ ሕዝቡም መጣለት። የሜምፊሱ ልጅ ከአባቱ ውርስ፤ የጐንደሩ ልጅ ከገዛ ጥረቱ ተነሥተው በየበኩላቸው ያስተማሩን አንድ ነገር ነው። ሌላው በሩን እስኪከፍት የሚጠብቅ ሰው ታሪኩ በልቡ እንደ ተቀበረ ይቀራል።

አባቶቻችን የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ያሉት ይህን የመሰለውን ሁሉ ሲያስተምሩ ነው። በሬውን ግን መመገብ ይገባል። በከተማችሁ ካሜራ ይዞ ጐዳናውን ሲቀርጽ የምታዩት ወጣት ቢኖር ሥራ ፈት ነው ብላችሁ አትለፉት። ባለሀብት ብትሆኑ ከገንዘባችሁ፤ ሹም ብትሆኑ ከፈቃዳችሁ፤ አዳራሽ ቢኖራችሁ ከአዳራሻችሁ አካፍሉት፤ ይህም ሁሉ ከሌላችሁ የመግቢያውን ዋጋ ከፍላችሁ ሥራውን ተመልከቱለት። በሜምፊስ አንድ አባት ለልጁ ያወረሰው 20,000 ዶላርና አንድ መልካም ምክር ነበር፤ ከሁለቱ የሚበልጠው የትኛው እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።